ሂሮሺማ ለሙታኗ የከፈተችው መንገድ

ሐዘን የአንዲትን ከተማ ቅያስ እንዴት እንደሚወስን ማወቅ የሚሻ ሰው፣ የሂሮሺማን ታሪክ ቢመረምር በቂ ምስክር ያገኛል። ዛሬ የሰላም መታሰቢያው የአትክልት ሥፍራ የተንጣለለበት ናካጂማ፣ ወንዙ በሁለት በሚከፈልበት ማዕዘን ላይ የተመሠረተ፣ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች የተጨናነቁበት የንግድ መንደር ነበረ፤ ከወንዙ ማዶም የቼክ ተወላጁ መሐንዲስ ያን ሌትዜል የነደፈው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 የታነጸው ባለ ጉልላት የንግድ ትርኢት አዳራሽ ቆሞ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የአቶሚክ ቦምብ ከምድር 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በፈነዳ ጊዜ ግን መንደሩ ከነነዋሪዎቹ ዐመድ ሆነ፤ እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት ፍጻሜም በከተማይቱ የ140,000 ሰዎች ያህል ሕይወት እንዳለፈ ይገመታል። አዳራሹ፣ የፍንዳታው ኃይል ከአናቱ በኩል ስለ ወረደበት፣ ግድግዳው በከፊል ተርፎ፣ የጉልላቱም የብረት አፅም ተራቁቶ ቀረ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949፣ የመታሰቢያውን ሥፍራ ለመንደፍ በተደረገው ውድድር ያሸነፈው ኬንዞ ታንጌ፣ የፈረሰውን አዳራሽ በሰሜን፣ የሙታንን ሐውልት በመካከል፣ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የሚቆመውን ቤተ መዘክር በደቡብ አድርጎ ሦስቱን በአንድ ቀጥተኛ መሥመር አያያዛቸው። በ1952 በቆመው ሐውልት ፊት የሚጸልይ ሰው፣ ስማቸው በድንጋይ ሣጥን ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠላቸውን ሙታን እየዘከረ ቀና ቢል፣ በቅስቱ መካከል ያንን ጉልላት ያያል። ይሁን እንጂ ፍርስራሹ ቁስልን ይቀሰቅሳልና ይወገድ የሚሉ ብዙዎች ስለ ነበሩ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በሕፃንነቷ በቦምቡ ጨረር የተመታች፣ በ1960 በ16 ዓመቷ በደም ካንሰር የሞተች ልጃገረድ የተወችው የዕለት ማስታወሻ የወጣቶችን ልብ አነሣሥቶ፣ የከተማይቱ ምክር ቤት በ1966 ፍርስራሹ ለዘላለም እንዲጠበቅ ወሰነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከታንጌ ዘንድ የሠራው ዮሺዮ ታኒጉቺ፣ በ2004 የተፈጸመውን የቆሻሻ ማቃጠያ ሕንፃ በባሕሩ ዳር ሲነድፍ፣ ያ መሥመር ወደ ባሕሩ እንዳይዘጋ በሕንፃው መካከል በመስተዋት የታጠረ መተላለፊያ ከፈተለት፤ ጥራጊ የሚነድበት ቤት እንኳ ለሙታን መታሰቢያ መንገድ ለቀቀ።

ይህ መሥመር በፊልምም ተተርኳል፤ የፊልም አዘጋጁ ርዩሱኬ ሃማጉቺ፣ ከሃሩኪ ሙራካሚ አጭር ልብ ወለድ የተነሣውንና በ2022 የኦስካርን ሽልማት ያገኘውን «መኪናዬን ንጂልኝ» የተሰኘውን ፊልም አብዛኛውን በኮርያዋ ቡሳን ሊቀርጸው አስቦ ሳለ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ቢከለክለው ወደ ሂሮሺማ አመጣው። በፊልሙ ውስጥ ልጁንና ሚስቱን የቀበረው የቴአትር ሰው፣ እናቷን በመሬት መንሸራተት ካጣችው ሾፌሩ ጋር ወደዚያ ሕንፃ ይሄዳል፤ በከተማይቱ የቆሻሻ መኪና ትነዳ የነበረችው ይህች ወጣትም የመሥመሩን ምሥጢር ትገልጥለታለች። ሃማጉቺ ከ2011 የባሕር ማዕበል የተረፉትን የሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ሰዎች ቃል ከባልደረባው ጋር በዘጋቢ ፊልሞች የሰበሰበ ነውና፣ ሐዘንተኛ ከምክር ይልቅ የሚሰማው ጆሮ እንደሚሻ ያውቃል፤ ስለዚህም ሁለቱ ያጠፉትን መስሎ የሚሰማቸውን በደል እስኪናዘዙ ድረስ ሳያጣድፍ ይጠብቃቸዋል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ መጽናናት ሙታንን ከመርሳት እንደማይገኝ ነው። ሂሮሺማ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ፣ ድልድይና ገበያ እንደገና ስታንጽ ሙታኗን ከዕቅዷ አላስወጣችም፤ አዲስ ከተማ የሚቀይሱ ሹማምንትና መሐንዲሶችም፣ በየትም አገር ቢሆኑ፣ ከመንገዱና ከቤቱ ጋር የሐዘንተኛውን ድርሻ አስቀድመው ሊለዩለት ይገባል።