ቀለም፦ ከግሪክ መቃ እስከ ቀለሜዋ

ተማሪ ሳለን ጎበዙን «ቀለሜዋ» እያልን ስንጠራ፣ የግሪክ ቃል አፋችን ውስጥ መሆኑን ማን ልብ ብሎ? መነሻው «ካላሞስ» ነው፤ በጥንቱ ግሪክኛ መቃ ወይም ሸምበቆ ማለት። መቃው ሲቀረጽ ብዕር ሆነ፤ ሲበሳ ደግሞ ዋሽንት።

ላቲን «ካላሙስ» ብሎ ወረሰው። የፈረንሳይኛው «ሻሉሞ»፣ የጀርመንኛው «ሻልማይ»ና የእንግሊዝኛው «ሾም» ከዚሁ ዘር የወጡ የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው። ጣሊያንኛ ግን የጽሕፈቱን ወገን ያዘ፦ «ካላማዮ» የቀለም ዕቃ ሆነ፤ ቀለም የሚረጨው የባሕር እንስሳም «ካላማሮ» ተባለ። ዛሬ በየሆቴሉ ተጠብሶ የሚቀርበው ካላማሪ እሱው ነው።

እኛም ቃሉን በአናቶሚ ክፍል አግኝተነዋል። የአራተኛው ቬንትሪክል ወለል የታችኛው ጫፍ «ካላሙስ ስክሪፕቶሪየስ» ይባላል፤ የመጻፊያ ብዕር ማለት ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እስክንድርያ ላይ አስከሬን ይመረምር የነበረው ሄሮፊለስ፣ ቦታውን የከተማው ሰዎች ከሚጽፉበት ብዕር ጎድጓዳ ጋር ማመሳሰሉን ጋለን ጽፎልናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። አክሱም ከግሪክኛ ጋር በደንብ ትተዋወቅ ነበር። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በግዕዝም በግሪክኛም በድንጋይ ላይ አስጽፏል፤ ቅዱሳት መጻሕፍትም ከግሪክኛ ተተርጉመዋል። «ማርኮስ» ማርቆስ፣ ሐኪሙ «ሉካስ»ም ሉቃስ የሆኑት በዚህ ግንኙነት ነው። «ቀለም» በዚህ መንገድ በቀጥታ ይምጣ ወይም በአረብኛው «ቀለም» በኩል፣ ሥሩ ያው መቃ ነው። ግዕዝ ግን ለመጻፊያው «ብርዕ» የሚል የራሱ ቃል ነበረው። እንግዳው ቃል ቦታው ተይዞ ስላገኘው ይመስለኛል፣ ከብዕሩ ወርዶ ብዕሩ የሚነከርበትን ፈሳሽ ያዘ። ከዚያ የግድግዳ ቅብ ሆነ፣ የአበባ መልክ ሆነ፣ በግጥም የምንቆጥረው ድምፅ ሆነ፤ በመጨረሻም ትምህርት ራሱ ሆነ። «ቀለም ቆጠረ» ስንል ተማረ ማለታችን ነው።

ወሎ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረናና በሳይንት ደጋ፣ የቆሎ ተማሪውና ደረሳው ጎረቤታሞች ናቸው። የቆሎ ተማሪው «ቀለም» ሲል ፈሳሹን ወይም ትምህርቱን ነው፤ ደረሳው በሉሁ ላይ ሲቀራ የሚያገኘው የአረብኛው «ቀለም» ግን ብዕር ነው። የቁርኣን 68ኛው ሱራም ስሙ አል-ቀለም ነው። አንድ ቃል በአንድ ቀበሌ ሁለት ትርጉም ይዞ ያድራል፤ ማንም ማንን አላረመም።

የኛ ጸሐፍት ቀለማቸውን በከብት ቀንድ ይይዙ ነበር። ዛሬ «የቀለም ቀንድ» ማለት ሊቅ ነው፤ ምስጋና ነው። እንግሊዞችም ቀለም በቀንድ ይይዙ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ግን «የቀለም ቀንድ ቃላት» የሚለው አነጋገር ፌዝ ነበር። ከላቲንና ከግሪክ እየቀዳ ተራው ሰው የማይገባውን የሚናገር ሰው ይፌዝበት ነበር።

እኛ ሐኪሞች ከሁለቱ የትኞቹ ነን? በዚያ ደጋ ስሠራ «ልጄ፣ እኔ ቀለም አላውቅም» ያላሉኝ እናት ጥቂት ናቸው። ሆኖም የቀዶ ሕክምና ስምምነት ሲቀርብላቸው አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ይፈርማሉ። ወረቀቱ ላይ «ሂስተሬክቶሚ» ተጽፏል፤ እሱም ግሪክ ነው። ቀለሙ ጣታቸው ላይ ነው፣ ዕውቀቱ ግን እኛው ጋ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ፊርማ ፈቃድ ነው ለማለት ይከብደኛል።

መፍትሔው ደግሞ ወጪ የለውም። «እማማ፣ ማህፀንዎን ልናወጣው ነው፤ ከእንግዲህ ልጅ አይወልዱም፣ የወር አበባም አይመጣም» ማለት ነው። ቀጥሎም «እስቲ አሁን ምን ልንሠራልዎ እንደሆነ በራስዎ አፍ ይንገሩኝ» ብሎ መስማት። መልሰው ከተናገሩት ገብቷቸዋል፤ ካልሆነ ጣታቸው ቀለሙን ከመንካቱ በፊት እንደገና እንጀምር።

ዛሬ ተለማማጅ ሐኪሞችን የምታስተምሩ ጓደኞቼና መምህራኖቻችን፣ ይህን በራውንድ ላይ ጠይቋቸው። ተማሪው በሽታውን በግሪክኛ ከነገራችሁ በኋላ፣ ለመካነ ሰላሟ እናት እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው ይንገራችሁ። ማርኩም ከሁለቱም ይያዝ።