ፊቱ የማይለወጥ ወታደር

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩ ወታደር ነበሩ። ሹማምንትን ለመንቀፍ ሲነሡ ግን የመረጡት አራዊትን ነበር፤ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» በተባለው ተውኔታቸው እንስሳትን አናገሩ። ወርቁ ከቤተ መንግሥት አልተሰወረም። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ።

በዚያው ሰሞን በቼኮች አገርም አንድ የቀድሞ ወታደር ይጽፍ ነበር። ያሮስላቭ ሃሼክ ለኦስትሪያ-ሀንጋሪ ዘምቶ እ.ኤ.አ. በ1915 በሩሲያ ጦር ተማርኳል። ከ1921 ጀምሮ ያሳተመውን «ደጉ ወታደር ሽቬይክ» ሳይጨርስ በ1923 ሞተ። ሽቬይክ የታዘዘውን ሁሉ በፈገግታ ይቀበላል፤ ትእዛዙ ግን እሱ እጅ ሲገባ መላው ይጠፋል። ቂል ይሁን ብልጥ አለቆቹም አንባቢውም አይለዩትም።

አባቶቻችን ቼኮችን ያወቋቸው በብርኖ ጠመንጃ ነው። ሌላዋ የቼክ የመሣሪያ ከተማ ፕልዘን ነበረች፤ የስኮዳ መድፍ ይሠራባት ነበር። የአሻንጉሊት ፊልም ታላቁ ባለሙያ ይርዢ ትርንካ በ1912 የተወለደው እዚያ ነው። ሙያውን የቀሰመውም ከከተማዋ ዝነኛ የአሻንጉሊት ተጫዋች ከዮሴፍ ስኩፓ ነው።

ትርንካ በ1955 ሽቬይክን በሦስት ክፍል ፊልም አደረገው። መልኩን ከመጽሐፉ ሠዓሊ ከዮሴፍ ላዳ ወሰደ፤ ትረካውን ያን ቬሪኽ አሰማው። ሥራው እጅግ አድካሚ ነው፦ አሻንጉሊቱ በጥቂቱ ይነካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ እንደገና ይነካል፤ ለአንድ ሰከንድ 24 ፎቶ ያስፈልጋል። የትርንካ አሻንጉሊቶች ከንፈራቸውም ቅንድባቸውም አይንቀሳቀስም። መብራቱ ሲዞር፣ አንገቱ ጥቂት ዘንበል ሲል፣ ያው አንድ ፊት የሚያዝን ወይም የሚስቅ ይመስላል።

ለሽቬይክ ከዚህ የተሻለ ፊት ከየት ይገኛል? አንድ ተዋናይ ቢጫወተው ዓይኑ ምስጢሩን ባወጣው ነበር። ሽቬይክ ከባቡር ቀርቶ ጦሩን ፍለጋ ወደ ቡዴዮቪትሴ በእግሩ ሲጓዝ መንገድ ይስታል፤ በክብ ይዞራል። ያገኙት ሁሉ ከዳተኛ ይሉታል፣ የገጠሩ ፖሊስ አዛዥ ደግሞ የሩሲያ ሰላይ ብሎ ይይዘዋል። ወደ ጦርነት ልሂድ ያለውን ሰው የሚያምነው ጠፋ! በዚህ ሁሉ መካከል ያ ክብ ፊት እንዳለ ነው።

ትርንካ በ1965 ደግሞ «እጅ» የተሰኘ አጭር የአሻንጉሊት ፊልም ሠራ። ሸክላ ሠሪው አሻንጉሊት ለአበባው ማሰሮ ይሠራል፤ ግዙፍ እጅ በሩን ገፍቶ ገብቶ፣ ከእንግዲህ የእኔን ሐውልት ብቻ ሥራ ይለዋል። ትርንካ በ1969 ከሞተ በኋላ የ«ፋቡላ» ዕጣ ለዚህም ፊልም ደረሰ፦ የአገሩ ባለሥልጣናት ሰብስበው ቆለፉበት።