ደምና ወረርሽኝ

ወረርሽኝ በአገር ላይ በወደቀ ጊዜ ከሕዝቡ አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ስለ ምን የእርሱን ቤት ገብቶ የጎረቤቱን አለፈ?» የሚለው ነው።

በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት ለሕዝብ በሚሰጥበት ወራት በላሊበላ ከተማ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የደማቸው ዓይነት የተጻፈበትን ካርድ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው «ልጄ፤ የኔ ደም ኦ ነው፤ በሽታው ኦን አይደፍርም ይባላል፤ ታዲያ መርፌው ለምኔ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ሰዓት በቂ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ስለዚሁ ነው።

የሰው ደም በዓይነት የሚለያይ መሆኑን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 ዓመት የገለጸው የቪየናው ሐኪም ካርል ላንድሽታይነር ነው። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት የደም ዓይነት ከበሽታ ጋር ዝምድና እንዳለው ሲመረምሩ ኖረዋል። በ1966 ፎግልና ቻክራቫርቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በሕንድ አገር ገጠር በፈንጣጣ የታመሙትን ካልታመሙት ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር አስተያይተው፣ በሽታው ኤ ደም ባላቸው ላይ እንደሚጠና ጻፉ። ሌሎች ግን መርምረው ይህን ልዩነት አላገኙም። በ2020ም በኢጣልያና በእስፓንያ በኮቪድ እጅግ የጸናባቸው 1,610 ሕሙማን ተመርምረው፣ ኤ ደም ያላቸው ሰዎች አደጋ ከሌሎች በ45 በመቶ ከፍ ብሎ፣ የኦዎች ደግሞ በ35 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በኋላ ከተደረጉት ምርመራዎች ልዩነቱን አነስተኛ ያደረጉት አሉ፤ ጨርሶ ያላዩትም አሉ። እንግዲህ የሽማግሌው ቃል ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ነገር ግን አደጋው አነሰ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም።

ወደ አገራችን ታሪክ ብንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ድኻና ባለጸጋ ሳይለይ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

ስለ ፈንጣጣም ያየን እንደሆነ፣ የሰሜኑ ደጋ ሰው ከሐኪም ትምህርት አስቀድሞ፣ በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ ያስገባ ነበር። የእንግሊዙ መንገደኛ ናትናኤል ፒርስ ይህን ልማድ ከ200 ዓመት በፊት በትግሬ አይቶ ጽፎታል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተከተበው ሰው በሽታውን ለሌላው ያስተላልፍ ስለ ነበር መድኃኒትነቱ ጉዳትም ነበረበት። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከሥሩ የማጥፋት ሥራ ተጀመረ፤ በፈረንጅ በ1971 ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ 26,329 ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ገደሉን ወጥተው ወርደው፣ በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ በደቡብ ምሥራቁ በረሃ ተገኘ። በ1972 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ ከፈንጣጣ መንጻቱ ታወጀ።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚያ ከታቢዎች «ደምህ ምን ዓይነት ነው?» ብለው የጠየቁት ሰው አልነበረም። ኤውንም ኦውንም አንድ አድርገው ከተቡ፤ ፈንጣጣም ለሁሉ ጠፋ። ደም ከወላጅ የሚወረስ ነውና ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ ጥንቃቄና ክትባት ግን በእጃችን ናቸው። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት አይደለምን? ለእኒያ ሽማግሌ ዛሬ ባገኛቸው፣ «አባቴ፤ በደምዎ የተጻፈው ጥቂት ቢረዳዎ መልካም ነው፤ በክንድዎ የሚጻፈው ግን ከዚያ ይበልጣል» እላቸው ነበር።