የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ እንዴት ይሠራል?

በዕብራይስጥ ‹ሺሙሪም› የምንለው የታሸገ ምግብ የሚገባበት ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ ዙሪያው፣ ክዳኑና መቀመጫው።

በ1813 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ሲከፈት፣ ሠራተኞች ብረቱን በእጅ ቆርጠውና ጠቅልለው፣ እርሳስ ባለበት ብየዳ ያጣብቁት ነበር።

ዛሬ ሥራው የማሽን ነው። ስሱ ብረት በልክ ይቆረጣል። ማሽኑ እንደ ቧንቧ ይጠቀልለውና ሁለቱን ጠርዞች በትንሹ ያነባብራል። በመዳብ ሽቦ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ጠርዞቹን አግሎ ያያይዛቸዋል፤ እርሳስ አያስፈልግም። ቀጥሎ የአፉ ጠርዝ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ክዳኑም ከጠርዙ ጋር አብሮ ተጠቅልሎ ይጨመቃል።

የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ግን ጎኑ ላይ መጋጠሚያ የለውም። ማሽኑ ክብ አሉሚኒየም እንደ ሲኒ ያጎደጉድና፣ በጠባብ ቀለበቶች ውስጥ እየገፋ ግድግዳውን ያሳሳዋል።

ይህን ማወቅ ለጤና ይጠቅማል። ቆርቆሮው መጋጠሚያው ላይ ክፉኛ ከተሰረጎደ ጀርም ሊገባበት ስለሚችል አይግዙት። ያበጠ፣ የሚያንጠባጥብ ወይም ሲከፈት የሚፈናጠር ከሆነ ሳይቀምሱ ይጣሉት። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው መርዝ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ አይለይም።