ነፋስ በሌለበት ባሕር ማን ያመልጣል?

ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነው። ቅዳሜ ማታ ከወዳጆቼ ጋር ጠረጴዛ ከበን የምንጫወታት አንዲት ጨዋታ አለችን። እያንዳንዱ ሰው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ ተራኪም ዳኛም ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። የዚያን ዕለት ዳኛው እኔ ነበርኩ። ወዳጆቼን በአንዲት ባለሸራ መርከብ አሳፍሬ ከኋላቸው የጠላት ጦር መርከብ ለቀቅኩባቸው። ለሁለቱም መርከቦች የፍጥነት ቁጥር ሰጠሁ፤ በየተራው ዳይስ እየጣልን ርቀቱን ወረቀት ላይ እንደምራለን፣ እንቀንሳለን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ወዳጄ አዛጋና፣ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሒሳብ እንጂ ማሳደድ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ዳይስ ከመጣል በቀር የሚሠሩት ነገር አልሰጠኋቸውም።

ሐፍረቴን ይዤ ወደ ታሪክ መጻሕፍት ዞርኩ። በእውነተኛው ባሕር ላይ ሲሳደዱ ምን ያደርጉ ነበር?

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1812 ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች ገና አንድ ወር መሆኗ ነው። በካፒቴን አይዛክ ሃል የምትታዘዘው «ኮንስቲቲዩሽን» የተባለች የአሜሪካ ጦር መርከብ ወደ ኒውዮርክ ስትጓዝ፣ ጁላይ 16 ቀን ከኒው ጀርሲ ጠረፍ ወዲያ የመርከቦች ሸራ ታያት። ሃል የራሱ ወገኖች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ አስቦ ነበር። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ግን በፊሊፕ ብሮክ የሚመሩ አምስት የእንግሊዝ ጦር መርከቦች ደርሰውበታል። እነዚሁ መርከቦች «ናውቲለስ» የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ በዚያው ሰሞን ማርከዋል። አምስት ለአንድ! በዚያ ላይ ነፋሱ ጸጥ አለ።

በእኔ የጨዋታ ሕግ ቢሆን ኖሮ የሁሉም ፍጥነት ዜሮ ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ባሕሩ ላይ ግን ትግሉ የተጀመረው ያኔ ነው። ሃል ጀልባዎች አውርዶ መርከቢቱን በቀዛፊዎች ጉልበት አስጎተተ። እንግሊዞቹም ያንኑ አደረጉ፤ ብዙ መርከብ ብዙ ጀልባ አለውና ጀልባዎቻቸውን ከፊት ላለችው አሰባሰቡ። ርቀቱ መጥበብ ጀመረ። ይኼኔ ሌተናንት ቻርልስ ሞሪስ አንድ መላ አመጣ። የባሕሩ ጥልቀት ሲለካ 50 ሜትር እንኳ አይሞላም። ያለው ገመድ ሁሉ ተቀጣጠለ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መልህቅ ታሰረ፤ ጀልባ መልህቁን ወደፊት ወስዳ ጣለችው፤ መርከበኞቹም ገመዱን እየሳቡ መርከቢቱን ወደ መልህቁ አስጠጉ። አንደኛው ሲሳብ ሌላው መልህቅ ወደፊት ይቀዘፋል።

ጠላት ምስጢሩ ገብቶት ተከተለ። ሃል መርከቢቱን ለማቅለል ከ2,000 ጋሎን በላይ የመጠጥ ውሃ ወደ ባሕር አስደፋ። ልብ በሉ፤ በሞቃቱ ወራት፣ በጨው ውሃ ተከበው፣ የሚጠጣውን ውሃ ደፉ! ብን የምትለዋን ነፋስ እንዲይዙም ሸራዎቹን በባልዲ ውሃ አራሱ። ሰዎቹ ከየምድባቸው ሳይርቁ በየተራ እያሸለቡ ሁለት ቀን አለፈ። ጁላይ 18 አመሻሽ ላይ ዝናብ ያዘለ ወጀብ መጣ። ሃል የከፋ ማዕበል የፈራ መስሎ ሸራውን በጥድፊያ አሳጠፈ፤ እንግሊዞቹም አይተው አጠፉ። ዝናቡ ሲጋርደው ሸራውን መልሶ ዘርግቶ ፈተለከ። በማግስቱ ጠዋት አሳዳጆቹ ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ።

ሃል ቦስተን ሲገባ ሕዝቡ አሞገሰው። እርሱ ግን ምስጋናው ለሞሪስና ለመርከበኞቹ እንዲዛወር በጽሑፍ ጠየቀ። በወሩ፣ ኦገስት 19 ቀን፣ ካሳደዱት አንዷን «ጌሪዬር»ን ገጥሞ ድል አደረጋት።

ነገርን ነገር ያነሣዋል። የእኛን ዓይነት ጨዋታ ፈር የቀደደውን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን በ1974 ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፣ አስቀድመው በ1972 ከማይክ ካር ጋር ያሳተሙት የባለሸራ መርከቦች ውጊያ ጨዋታ ነበር። ርዕሱ በአማርኛ «መርከቧን አሳልፋችሁ አትስጡ» ማለት ነው። ይህም በ1813 ከብሮክ መርከብ ከ«ሻነን» ጋር ሲዋጋ የቆሰለው አሜሪካዊው ካፒቴን ጄምስ ሎረንስ ተናገረው የሚባል ቃል ነው። ለካ እኔ ያበላሸሁት ጨዋታ ሥሩ እዚያው ባሕር ላይ ኖሯል!

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፍጥነቱን ቁጥር ሰረዝኩት። በየተራው የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለማምለጥ ምን ታጣላችሁ? ውሃውን? መድፉን? ጀልባችሁንና በላይዋ ያሉትን ሰዎች?» ውሃው ይደፋ አይደፋ እየተባለ እኩለ ሌሊት ሆነ። ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው ያ ያዛጋው ወዳጄ ነበር።

አመለጡ ወይ ብትሉኝ፣ ገና ነው። ውሃው ግን ተደፍቷል።