የቃጫ ሥራና የጉራጌ ሴቶች ማኅበር

ስለ ጉራጌ ሕዝብ የመተባበር ልማድ ብዙ ተጽፏል። በ1950ዎቹ የአገሩ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለማሠራት ያቋቋሙት ማኅበር፣ እንዲሁም የነጋዴዎቹ ዕቁብ በየጊዜው ይነሣል፤ መነሣቱም የተገባ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰብሳቢውም ገንዘብ ያዡም ተመስጋኙም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ ቃጫና ጅባ ዘርግተው የሚቀመጡት ሴቶች ሕግ ሳይደነግግላቸው ማኅበር ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም የሚለውን ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሥራው እንናገር። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። መትከሉ የወንድ፣ መፋቁ ግን የሴት ድርሻ ነው። ሴቲቱ ግንዱን የሸፈነውን ልጥ እየገነጠለች በዘመመ ሳንቃ ላይ ታስደግፈዋለች፤ በቀርከሃም መፋቂያ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ሥጋው ወርዶ ይጠራቀምና ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ቆጮ ይሆናል፤ በእጇ የሚቀረው ነጭ ጭረት ደግሞ ቃጫ ነው። ቃጫው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በነዶ ታስሮ ገበያ ይወጣል፤ ገመድም ይገመድበታል። ከደረቀው የእንሰት ልጥ የሚሠራው ጅባ ለመኝታና ለመቀመጫ ይነጠፋል። እንግዲህ ምግቡና የእጅ ሥራው ከአንድ ፍቆሽ የሚወጡ ስለ ሆኑ፣ ቃጫን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚቈጥር ሰው ሥራውን አላየውም ማለት ነው። ባሎች ለንግድ አዲስ አበባ ወርደው ለመስቀል ብቻ በሚመለሱበት ዘመን፣ ቤቱን ያቆመው ይኸው መፋቂያ ነበር።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። ዊጆ የሚባለው የሴቶች ልማድ ይህ ነው፦ ጥቂት ላም ያላቸው ጎረቤቶች ወተታቸውን እየለኩ በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ ባለ ተራዋ ብቻዋን ልታጠራቅመው የማትችለውን ያህል ቅቤ ትንጣለች። መለኪያ አለው፣ ተራ አለው፣ መተማመን አለው። መዝገብ ብቻ የለውም፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም የዘለሉት በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

መንግሥት በበኩሉ በ1953 ዓ.ም. ስለ እርሻ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድንጋጌ አወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 241፣ በ1970 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 138፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 147 ተከተሉ። የመጨረሻው ቢያንስ አሥር ሰዎች ተሰብስበው መሠረታዊ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ ዕጣው ቢበዛም ባያበዛም ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ። ይህ ለዊጆ ሴቶች አዲስ ትምህርት አልነበረም።

የሩቅ አገር ምሳሌ ማምጣት ይፈቀድልን። በ1820 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ሚስቶች ወደ ሐዋይ ደርሰው ለንጉሣውያኑ ሴቶች መስፋት አስተማሩ። ሴቶቹ ግን ከዛፍ ልጥ ቀጥቅጠው የመኝታ ልብስ መሥራት ከጥንት ያውቁ ነበር። ከጊዜ በኋላ ብጥስጣሽ ጨርቅ መቀጣጠሉን ትተው፣ አንድ ሙሉ ጨርቅ ስምንት አጥፈው በመቍረጥ፣ የአገራቸውን ቅጠልና ፍሬ በሌላ ቀለም ጨርቅ ላይ ለጥፈው ሰፉት። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሐዋይ ድርብ ብርድ ልብስ ይህ ነው። መርፌው የእንግዳ ሲሆን ሐሳቡ የባለቤቶቹ ነው።

እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጃገረዶች የባዕድ አበባ በጨርቅ ላይ ሲጠልፉ አይተናል፤ ቃጫ ግን ከክፍል ገብቶ አላየንም። ልጃገረዶቹ ቅዳሜ ቤታቸው ሲመለሱ እናታቸውን የሚያግዙት በመፋቂያው ነበር።