ስም ያልተጻፈበት ሥዕል
(ስለ ዝዋይ ሐይቅና ስለ አካባቢው መንደሮች ትዝታ)

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአበው ቃል ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ቀለም በቆጠርንበት ቤት መምህሮቻችን ደጋግመው ነግረውናል፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ስንጽፍና መዝገብ ስናስቀምጥ የምንሠራው በዚሁ ቃል ነው። ነገር ግን ቃሉ ስለ ሥዕል ያነሣው ነገር የለም። ፎቶግራፍ ከቃል ወገን ነው ወይስ ከጽሑፍ? ይረሳልን ወይስ ይወረሳል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ የምኖርበትን የባቱን አካባቢ ምሳሌ አድርጎ መመርመር ነው።

ባቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ዝዋይ በሚለው ስሟ ይጠራታል። ሐይቁን ኦሮሞዎች ደንበል ይሉታል። የመቂና የከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ የቡልቡላ ወንዝ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አቢያታ ሐይቅ ይወርዳል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፥ ጸደቻ፥ ፉንድሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ቱሉ ጉዶ ማለት በኦሮምኛ ትልቁ ተራራ ማለት ሲሆን፥ በክርስቲያኖች ዘንድ ደብረ ጽዮን ይባላል።

የእነዚህ ደሴቶች ባለቤቶች ዛዮች ናቸው። ቋንቋቸው ከሴም ቋንቋዎች ወገን ሆኖ ለስልጢኛና ለሐረሪ ቋንቋ የቀረበ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ብዙ የደከሙት ሊቅ ዎልፍ ሌስላው በ1999 እ.ኤ.አ. የዚህን ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በመጽሐፍ አውጥተዋል። ዛዮች በደሴቶቹ ተዳፋት ላይ እያረሱ፥ ከሐይቁ ዓሣ እያጠመዱ፥ በየብስ ካሉት ከአርሲ ኦሮሞዎች ጋር እየተገበያዩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በኋላ ጊዜ ወደ የብስ ወጥተው በባቱ፥ በመቂና በሐይቁ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ተቀምጠዋል።

ሽማግሌዎቻቸው ሲተርኩ፥ በዮዲት ዘመን አክሱም በጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ዝዋይ እንደሸሹና ታቦቷ በደሴቱ 70 ዓመት ያህል ተቀምጣ እንደተመለሰች ይናገራሉ። የሌሎቹ አባቶች ደግሞ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ከልዩ ልዩ አገር ተሰደው እንደገቡ ይነገራል። ይህን ሁሉ የታሪክ ሊቃውንት ገና ይመረምሩታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ወሬ በሐይቅ በተከበበ መሬት ላይ፥ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ እኛ ዘመን መድረሱ ነው። በደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም በግእዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ኖረዋል። እንግዲህ ዛዮች ያለፈውን ዘመን ያቆዩት በሁለት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፤ አንደኛው አንደበት፥ ሁለተኛው ብራና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የጥንቱ የአገራችን ሠዓሊ በብራና ላይ የቅዱስን ሥዕል ሲሥል፥ ከራሱ በላይ ወይም ከጎኑ ስሙን ይጽፍ ነበር። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው በእግር ሥር ተንበርክኮ ወይም ተደፍቶ ሲሣል ደግሞ፥ እገሌ እንዴት እንደተማጠነ የሚል ጽሑፍ ይጨመርለታል። ስለዚህ ከዚያ ሠዓሊና ከዚያ ባለመጽሐፍ ጋር ያልተገናኘን እኛ፥ ዛሬ ቅጠሉን ገልጠን የተሣለው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ሦስተኛው ዕቃ፥ ፎቶግራፍ፥ ወደ አገራችን የመጣው ከባዕዳን ጋር ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት፤ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ እስከ መቅደላ አምባ ድረስ ያለውን ሸለቆና ገደል እያነሡ ሄደዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ቫንደርሃይም የተባለው ፈረንሳዊ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በ1887 ዓ.ም. ወደ ወላይታ በዘመቱ ጊዜ አብሮ ዘምቶ፥ ካነሣቸው ፎቶግራፎች የተቀረጹ ሥዕሎች ያሉበትን መጽሐፍ በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትሟል። መንገደኛ ሲያልፍ ያየውን ያነሣል፤ የንጉሡንና የመኳንንቱን ስም ይጽፋል። ውሃ የምትቀዳዋን ሴትና ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው ግን «የአገሩ ሰዎች» ብሎ ያልፋል። በዚህም መንገደኛውን ብዙ መውቀስ አይገባም። የመንደሩን ሰው ስም ማወቅና መጻፍ የመንደሩ ልጅ ሥራ ነውና።

የመንደር ልጆች ይህን ሥራ በሌላ አገር እንዴት እንደሠሩት ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ፍራንሲስ ፍሪት የተባለ ሰው በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ ሬይጌት በምትባል ከተማ የፎቶግራፍ ድርጅት አቋቋመ። አሳቡም የአገሩን ከተሞችና መንደሮች በሙሉ ማንሣት ነበር። እርሱ ከሞተም በኋላ ልጆቹ ቀጠሉበት። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ የመንደሩ ስም ተጽፎ በፖስታ ካርድነት ይሸጥ ነበርና፥ ያች ትንሽ ጽሕፈት ዛሬ ከሥዕሉ የማታንስ ሀብት ሆናለች። በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰር ቤንጃሚን ስቶን የተባሉ የምክር ቤት አባል፥ የቆየው የአገር ልማድና ሕንፃ ከመጥፋቱ በፊት በፎቶግራፍ የሚመዘግብ ማኅበር አቋቁመው፥ የተሰበሰበው ሥዕል በብሪቲሽ ሙዚየም እንዲቀመጥ አደረጉ።

የዚህ ሥራ ዋጋው የሚታወቀው ግን መንደሩ ሲጠፋ ነው። በዌልስ ምድር በትሪወሪን ሸለቆ ውስጥ ካፔል ሴሊን የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ትምህርት ቤት፥ ፖስታ ቤትና የጸሎት ቤት ነበራት። የሊቨርፑል ከተማ ውሃ ስለፈለገች ሸለቆው እንዲገደብ በ1957 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጣ። ሰዎቹ ሊቨርፑል ድረስ ሄደው በሰልፍ ቢለምኑም አልተሰሙም፤ በ1965 እ.ኤ.አ. መንደሪቱ ከውሃ በታች ሆነች። ሆኖም ጄፍ ቻርልስ የተባለ የዌልስ ጋዜጠኛ ከመጥፋቷ በፊት ሰዎቹንና ቤቶቹን በፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ሥዕሎቹም ዛሬ በዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ግድቡን ያላየ የልጅ ልጅ አያቱ የተማረበትን ትምህርት ቤት በሥዕል ያያል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ባቱ የሚሄድ መንገደኛ ቆቃ ሲደርስ በስተግራው የተንጣለለ ውሃ ያያል። ይህ ሐይቅ እንደ ዝዋይ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. ሥራው በተፈጸመ ጊዜ የተገኘ ነው፤ ካፔል ሴሊን ከመስጠሟ አምስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ግድቡ ከ40 ሺህ ኪሎ ዋት በላይ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጥ ሆኖ ለአገር ብዙ ጠቅሟል። ነገር ግን ውሃው የተኛበት ምድር ባዶ ምድር አልነበረም፤ የሚታረስበት፥ ከብት የሚሰማራበት፥ ሰው የሚኖርበት ነበር። በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ሁሉ ዓሣ የሚሸጡትን ልጆች ያያል እንጂ፥ ከውሃው በታች ስላለው መንደር ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ስናገር ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስልብኝ፥ የራሴን ጥፋት ልናገር ይገባኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል፥ አሮጌው የዕቃ ግምጃ ቤት እንዲጸዳ ታዘዘ። ከተሰባበሩት ወንበሮችና ከረጢት ከሞሉት ደረሰኞች መካከል አንድ የጣውላ ሣጥን ተገኘ፤ ብንከፍተው ፎቶግራፍ ሞልቶበታል። የገበያ ቀን፥ የሐይቅ ዳር፥ የሣር ቤቶች፥ በረድፍ የቆሙ ተማሪዎች ነበሩበት። ኮሚቴው እየገለበጠ አየ፤ በአንዱም ጀርባ ላይ ስም ወይም ዘመን አልተጻፈም። ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። «ምንነታቸው ያልታወቀ፥ ለሥራ የማያገለግሉ ፎቶግራፎች፥ 1 ሣጥን» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምንበት። በማግሥቱ ከግቢው ጀርባ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተቃጠሉ። እኔም አንዲቱን ለዓይኔ ስላማረችኝ ብቻ በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አስቀርቼ ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ በባቱ በሐይቁ ዳር ከሚኖሩ አንድ የዛይ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያችን ፎቶግራፍ ይዤ ሄድሁና፥ «አባባ፥ ይህን ቦታ ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ሥዕሏን ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

እኔ በዚያች ሥዕል ውስጥ አየው የነበረው ውሃ፥ አንድ ታንኳና ሦስት ሴቶች ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን እንደ መጽሐፍ አነበቧት። አስቀድመው የውሃውን ዳርቻ በጣታቸው እየተከተሉ፥ «ያን ጊዜ ውሃው እዚህ ድረስ ነበር፤ ዛሬ ይህ ቦታ ደረቅ ነው» አሉኝ። የሐይቁ ውሃ ለመስኖና ለአበባ እርሻ እየተሳበ መሸሹን እኔም በዓይኔ አይቻለሁና ገባኝ። ቀጥለው ታንኳይቱን አመለከቱኝ። «ይህች ከደሴት መምጣቷ ነው እንጂ መሄዷ አይደለም። ገበያ የሚወጣ እህሉን በአፍንጫዋ በኩል ይጭናል፤ ሲመለስ ሸቀጡን በመካከል ነው የሚያኖር» አሉ። ከዚያም ከሦስቱ ሴቶች በአንደኛዋ ላይ ጣታቸው ቆመ። የእናታቸው እኅት ነበረች። ያወቋት በፊቷ አልነበረም፤ ፊቷ በጥላ ተሸፍኗልና። አንዱን ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ በምትቆምበት አቋቋሟ ነበር። ስሟን ነገሩኝ፤ በሥዕሏ ጀርባ ላይ ጻፍሁት። ስሙ የቤተ ሰቡ ስለሆነ በዚህ አላወጣውም።

ሽማግሌው በመጨረሻ ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ ሌሎቹስ የት አሉ? ይህችን ያነሣ ሰው ብቻዋን አላነሣትም» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ሥዕሏን መለሱልኝና፥ «በል ይህችን እንኳ በደንብ ያዛት» አሉኝ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ቃላቸው ከብዶኝ ተመለስሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ከእርሳቸው ነው። ፎቶግራፍ ስም ካልተጻፈበት ከቃል ወገን ነው፤ የሚያውቀው ሰው እስካለ ድረስ ይናገራል፤ እርሱ ሲሞት ዲዳ ይሆናል። ዲዳ የሆነውን ሥዕል ደግሞ እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ «ምንነቱ ያልታወቀ» ብሎ ያቃጥለዋል። ስም ሲጻፍበት ግን ከጽሑፍ ወገን ሆኖ ይወረሳል። ይህን የብራናው ሠዓሊ ከእኛ አስቀድሞ አውቆት ነበር፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ስሙን ይጽፍ የነበረው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፥ ይልቁንም ለመምህራንና ለተማሪዎች የማቀርበው ልመና ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየቤታችን በግድግዳና በሣጥን ያሉትን አሮጌ ፎቶግራፎች አውርደን፥ ዕድሜ ወደ ገፋው የቤተ ሰብ ሰው ይዘን እንቅረብ። አራት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ይህን የነገረንስ ማን ነው? መልሱን በሥዕሉ ጀርባ ጠርዝ ላይ በስስ እርሳስ ሳንጫን እንጻፍ፤ በእስክሪብቶ ተጭኖ መጻፍ ፊቱን ያበላሻልና። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ በአንድ ቀን የምናነሣው ሥዕል አያቶቻችን በዕድሜያቸው ካዩት ይበልጣል፤ ለእርሱም ሕጉ ይኸው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች ደግሞ ስም የሌለው ሥዕል ባገኘን ጊዜ፥ ከመወገዱ በፊት ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ቦታ ጥቂት ሳምንት ይሰቀል ዘንድ እንድረግ። ምንነቱን እኛ ባናውቅ የሚያውቅ ሰው በደጃችን ሊያልፍ ይችላል።

ያች ፎቶግራፍ ዛሬ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናት። ከሦስቱ ሴቶች የአንዲቱ ስም ተጽፎባታል። የቀሩትን ሁለቱን የሚያውቅ ሰው እስካሁን እየፈለግሁ ነው።